እንግዳ የመሰለው ዘበኛ

ሠፈሩ “ጭምት” የሚላት ለቀልድ ነው። ወንበር ሊያይ ወንድሟ ሱቅ የገባ ሰው የጉልበቱን ሕመም፣ የልጁን ሠርግ፣ ከጎረቤቱ ጋር የተኳረፈበትን ምክንያት ሁሉ አጫውቷት ነው የሚወጣው። ወንድሟ ከኋላ ይልጋል፣ ያጣብቃል፤ እሷ ከፊት ደንበኛ ታነጋግራለች፣ የሱቁን ድረ ገጽም ትይዛለች።

የዚያን ዕለት ጠዋት ግን ከንፈሯ የተሰፋ ይመስል ነበር። በሩ ላይ የጭነት መኪና ቆሟል። ቁም ሳጥኑም፣ ሶፋውም፣ አልጋዎቹም ተጭነዋል። ወንድሟ ሱቁን ለቅቆ፣ ከእንግዲህ በቤቱ ጓሮ እየሠራ በድረ ገጹ ብቻ ሊሸጥ ወስኗል። ለዚህ ያበቃው ደግሞ የእሷው ወሬ ነው። የጎብኚው ቁጥር ሽቅብ ሲተኮስ አይታ፣ “ወንድም ጋሼ፣ ባሕር ማዶ ድረስ ታወቅን እኮ!” ብላ ስክሪኑን ያሳየችው ራሷ ናት።

አከራይቱ ቁልፉን ሊቀበሉ እየመጡ ነው። ሱቁን የሚፈልግ ሌላ ሰው አግኝተዋል፤ ቁልፉ አንዴ እጃቸው ከገባ መመለሻ የለውም።

ጭምት ላፕቶፑን የከፈተችው ለሌላ ጉዳይ ነበር። ሰው አብዝቶ ያየው የትኛውን ወንበር እንደሆነ አውቃ፣ እሱን አስቀድማ ፎቶ ልታነሣ። ወንበሮቹን ያየ ግን የለም ማለት ይቻላል። ያ ሁሉ ጎብኚ የፊተኛውን ገጽ ብቻ ከፍቶ ወዲያው ይወጣል፤ በር ከፍቶ አንገቱን ብቅ እንደሚያደርግና እንደሚመለስ ሰው።

ጎብኚዎቹ የሚገቡበትን ሰዓት አየች። ሰው ይተኛል፣ ምሳ ይበላል፣ ሥራ ይገባል፤ ስለዚህ የጎብኚ መስመር ይወጣል፣ ይወርዳል። ይሄኛው በመላጊያ እንደተላገ ጣውላ ሌት ተቀን ልሙጥ ነው። የመጡባቸውን ከተሞች አየች። ከጥቂቱ ጎብኚ በቀር ሁሉም ከባሕር ማዶ ነው፣ ከየከተማው የመጣውም እኩል። በአንድ ሰው እንኳ አይበላለጥም።

ያኔ ትዝ አላት። ባለፈው ወር ድረ ገጹ አልከፈት ብሎ ሳያውቁ ውለው ነበርና፣ “ዘበኛ” ብለው የሰየሙትን ፕሮግራም አስገብታለች። ሥራው ድረ ገጹ መሥራት አለመሥራቱን ማረጋገጥ ነው፤ ለዚህም ከተለያዩ ከተሞች በየደቂቃው ልክ እንደ ሰው ገጹን ይከፍታል። ጎብኚ ቆጣሪውን ግን “ይሄንን አትቁጠር” አላለችውም።

ወንድሟ መኪናው ላይ ገመድ እያጠበቀ ነበር።

“ወንድም ጋሼ፣ ተወውና ና።”

“ምን ረሳሁ?”

“ሰዎቹ ሰው አይደሉም።”

“ደግሞ ምን ልትቀባጥሪ ነው?”

ነገረችው። ወረደና ላፕቶፑ ላይ አጎነበሰ። እጁ ላይ ያለው ሙጫ ደርቆ ይላጣል።

“እና የቀጠርነው ዘበኛ ነው ሲገባ ሲወጣ የኖረው?”

“አዎ።”

“እኛ ደግሞ ገበያ ደራ ብለን እቃ ጫንን። ሁሉም እሱ ነው?”

“ቆይ፣ እሱን አውጥቼ ልየው።”

ከነዚያ ከተሞች የመጣውን በሙሉ አስወጣች። መስመሩ መሬት ነካ። ከመንገዱ ማዶ አከራይቱ ጥላ ዘርግተው ብቅ አሉ።

“መጡ” አለ ወንድሟ። “ቶሎ በይ።”

የተረፉት ከዚሁ ከተማ የገቡ ጥቂት ናቸው፤ እነዚህ ግን እውነተኛ ሰዎች ይመስላሉ። ቀን ይመጣሉ፣ ሌሊት ይጠፋሉ፣ አልጋውን አይተው ወደ ጠረጴዛው ያልፋሉ፣ ይቆያሉ። ከመውጣታቸው በፊትም አብዛኞቹ የሚከፍቱት አንድ ገጽ አለ። ጭምት በጣቷ አሳየችው፤ የሱቁን አድራሻ የያዘው ገጽ ነው።

“ሱቃችንን ነው የሚፈልጉት” አለች ቀስ ብላ። “መጥተው ሊቀመጡበት፣ በእጃቸው ሊዳስሱት ነው።”

ወንድሟ ዞሮ የተጫነውን መኪና አየ።

“እንዴት አደራችሁ ልጆቼ?” አሉ አከራይቱ ደፉን እየተሻገሩ። “ቁልፉስ?”

ወንድሟ ኪሱ ውስጥ እጁን ከተተ፤ እዚያው አስቀረው። “እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። አልለቅም።”

“ጭነህ ከጨረስክ በኋላ?”

“ላወርደው ነው።”

አከራይቱ መኪናውን አዩ፣ እሱን አዩ። “ለሰው ቃል አስገብተኸኝ? አሁን ምን ልበለው?”

“ጥፋቱ የኔ ነው እማማ” አለች ጭምት። “ስልኩን ይስጡኝ፤ እኔው ደውዬ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።”

“አንቺ ከደወልሽለትማ ጆሮው አለቀለት” አሉ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ጥላቸውን አጥፈው ባዶው ወለል መሐል ቆሙ፤ ትንሽ ቆይተው ስልካቸውን ከቦርሳቸው አወጡ። “ሰውየው ይቆጣል። ስድቡን አንቺ ትሰሚዋለሽ፣ እኔ የለሁበትም።”

ሰማችው። ሰውየው ሳይተነፍስ ሲወርድባት፣ “ልክ ነህ… እውነትህን ነው” ከማለት ሌላ ቃል አልወጣትም።

ስትጨርስ ወንድሟ ገመዱን ፈትቶ ቁም ሳጥኑን እስከ መኪናው ጠርዝ ስቦ ይጠብቃታል። አላያትም።

“ነይ” አላት። “በከባዱ በኩል ያዢ።”