የግራ እግሮች ክምር

ሰው ጨርቁን ጥሎ ያብዳል፤ የእኔ ባል ግን ጨርቁን ይዞ አበደ። ይህን ያልኩት እኔ አይደለሁም፣ ሰፈርተኛው ነው። እኔማ ከዚያ የባሰ ነው ያልኩት፣ ግን ይቅር።

ባሌ ልብስ ሰፊ ነው። ከታላቅ ወንድሙ ጋር ሆነው የተማሪ ዩኒፎርም በጅምላ የሚሰፉበት ትልቅ ቤት ነበራቸው። እጁ ከመፍጠኑ የተነሳ ሁሉም «ጥይቴ» ይለዋል። ጥይቴ ምሳውን ቆሞ ነው የሚበላው። ማታ ሹካውን እንደያዘ ያንቀላፋል። ሲያናግሩት «እ?» ይላል፣ መልሱን ሳይሰማ ይሄዳል። ልጃችንን ትምህርት ቤት የአባትሽን ሥዕል አምጪ ቢሏት ጀርባውን ስላ ወሰደች፣ የስፌት መኪናው ላይ እንዳጎነበሰ። ምን ታድርግ፣ ፊቱን መች አይታው!

ከዚያ ያ ጉድ መጣ። ሱሪ በብዛት ሲቆረጥ ጨርቁ ይደራረብና ባንዴ ይቆረጣል። ታዲያ አንዱ ፊቱን ወደ ላይ፣ የሚቀጥለው ፊቱን ወደ ታች አድርጎ መነጠፍ አለበት፤ ያኔ ቀኝና ግራ እግር አብሮ ይወጣል። ይህን ማንም ጀማሪ ያውቀዋል። ወንድምየው በር ላይ ቆሞ «ቶሎ በል! ቶሎ በል!» ሲል፣ የእኔ ጥይት ጣቃውን በሙሉ ፊቱን ወደ ላይ አንጥፎ ቆረጠዋ! ሰማያዊ የግራ እግር እስከ ጣሪያ ተከመረ። ቀኝ እግር የሚባል ለመድኃኒት እንኳ የለም።

ወንድምየው ጮኸ፣ ጠረጴዛ ደበደበ። ባሌ ግን ክምሩ ላይ ቁጭ አለና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ከዚያ «ጋሼ፣ እኔ በቃኝ» አለ። ከድርሻው ምንም አልጠየቀም፣ ያንን ክምር ብቻ ተሸክሞ ቤት ገባ።

የቤታችንን የፊት ክፍል ከፍቶ የእናቱን አሮጌ የእግር ስፌት መኪና ተከለበት። አዲስ ልብስ አይሰፋም፤ የተቀደደ ይጠግናል፣ የጠበበ ያሰፋል፣ ያረጀ ኮት ይገለብጣል። ደንቡ አንድ ናት፤ አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን አይነካም። አናቴ ላይ ወጣ!

«አንተ ሰውዬ፣ ዓለም ይሮጣል፣ አንተ ፔዳል ትረግጣለህ?»

«እየረገጥኩ ነው እኮ፣ አልቆምኩም» አለኝ።

እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል? ቁርጡን ነገርኩት። «የሚመጣው ዓመት ትምህርት ቤት እስኪከፈት እታገሥሃለሁ። እስከዚያ ቤታችን ካልቆመ ወንድምህ ጋ ትመለሳለህ።» እሺ ብሎ ቃሉን ሰጠኝ።

ከዚያ ኑሯችን ተገለበጠ። የምንነዳትን መኪናችንን ሸጥን። በእግር ስንሄድ ደግሞ ሰላም የማይለው ሰው የለም፤ የዚህን ጉልበት፣ የዚያን አማች፣ የወዲያኛውን ድመት ሳይቀር ይጠይቃል። ቅርብ ያለው ዳቦ ቤት ደርሰን ስንመለስ ዳቦው ቀዝቅዟል። ጓሮ ቲማቲም ተከለ፤ መጀመሪያ የበላችው የጎረቤት ዶሮ ናት። እኔም አዲስ ቀሚስ ባማረኝ ቁጥር አሮጌውን ይወስድና አሳምሮት ይመጣል። እንዳልቆጣ ያምራል፣ እንዳልስቅ ተቆጥቻለሁ።

የግራ እግሮቹስ? እራፊ ሆኑ። የመምህሩ ክርን፣ የአናጺው ጉልበት፣ የነርሷ ቦርሳ፣ ያላረፉበት የለም። መንገድ ላይ ሰማያዊ እራፊ ያየሁ እንደሆነ «የእኛ ነው» እላለሁ በሆዴ። ልጃችን ከትምህርት ቤት ስትመጣ ክምሩ ላይ ወጥታ ቁጭ ትልና ውሎዋን ታወራለታለች። አሁን «እ?» አይላትም። «እሺ፣ ከዚያስ?» ነው የሚላት።

ትምህርት ቤት ሊከፈት ሲቃረብ ወንድምየው ከተፍ አለ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ። የኮቱ ኪስ ተቀዶ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል።

«ተነስ እንሂድ! ትዕዛዝ ተቆልሎብኛል። ጨዋታው በቃ።»

የባሌ እግር ፔዳሉ ላይ ቆመ። «ቃል የሰጠሁት ለእሷ ነው፣ ጋሼ። ሂድ ካለችኝ እሄዳለሁ።»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ምን እንደምል ካሰብኩ ቆይቻለሁ፤ «ሂድ» ልል ነበር። ቤቱ ቆሟል ወይ ቢሉኝ፣ እያነከሰም ቢሆን ቆሟል፤ ግን የድሮው ምቾት ይናፍቀኛል፣ ምን እዋሻለሁ። ባሌን አየሁት። መርፌ እንዳይወጋው የሚያጠልቀውን የጣት ቆብ ከጣቱ አወለቀና ቀስ አድርጎ መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

«ጋሼ» አልኩ፣ «ባሌን አልሰጥዎትም። ገና አሁን ነው ያገኘሁት።»

«እንዴ! አንቺም አበድሽ?»

«አብጃለሁ። አሁን ያንን ኮት ያውልቁና ይቀመጡ፣ ኪስዎ ሰው ፊት አያስኬድም።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ፣ ግን ደክሞት ነው መሰል ስልኩን ደህናው ኪሱ ውስጥ ከትቶ ኮቱን አወለቀና ቁጭ አለ። ባሌ የጣት ቆቡን ከመሳቢያው መልሶ አወጣ። ከክምሩ አንድ እግር ስቦ ቆረጠና ለኪሱ ገበር አደረገው። ወንድምየው አንገቱን አስግጎ አየው።

«ይሄ ጨርቅ... ያ ነው?»

«ያው ነው፣ ጋሼ።»

«ግራው?»

«ቀኝማ ከየት አመጣልሃለሁ?»

መጀመሪያ የወንድምየው ትከሻ ተነቃነቀ። ከዚያ ፈነዳ! ጉልበቱን እየመታ፣ እንባውን እየጠረገ ሳቀ። ባሌም ሳቀ፣ እኔም ተከተልኩ። በመሃል ስልኩ ጮኸ፤ ከኮቱ ሌላኛው ኪስ ውስጥ ነው። ባሌ አውጥቶ ሊያቀብለው እጁን ሰደደ።

«ተወው ይጩህ» አለ ወንድምየው ወንበሩ ላይ እየተመቻቸ። «አንቺ፣ ሻይ የለም እንዴ እዚህ ቤት?»