የእህቴ ጥርስና የኔ ብሩሽ

እህቴ ታላቄ ናት። ገብስ ቆሎ ስትቆረጥም ግን ድምፁ እስከ ጎረቤት ይሰማል። እኔ ታናሿ ሽምብራዋን እንደ ከረሜላ በጉንጬ አገላብጬ እመጣታለሁ። ቅናት አንጀት ያቃጥላል ይላሉ፤ እኔን ድዴን ነው ያቃጠለኝ።

ለማኅበር ከድብ ባሕር ስትመጣ እኔ ቤት ነው የምታድር። ሰው ሁሉ ተሰብስቦ እኔ ቀልድ አመጣለሁ፣ እሷ ከት ብላ ትስቃለች። ያኔ ሁሉም ጥርሷን ያያል። ቀልዱ የኔ፣ ዓይን የሚያርፈው እሷ ላይ! እኔ ነጠላዬን አፌ ላይ ጣል አድርጌ ነበር የምስቅ፣ ድዴ አብጦ እየደማ። አንዱ የፊት ጥርሴም መነቃነቅ ጀምሮ ነበር። እሱ ከወደቀማ ቀልድም ቀረ።

የጥርስ ብሩሽ አጥቼ አይደለም። የልጅ ልጄ ገዝታልኛለች። እኔ ግን በወይራ መፋቂያ ያደግሁ ነኝ። መፋቂያ ደግሞ ጫፉን አኝኬ አኝኬ ሲበታተን ነው የሚፍቅልኝ። ብሩሹም እንደዚያው መስሎኝ! አዲስ ሳለ ኮሰኮሰኝ። ቶሎ ይለስልስ ብዬ አኘክሁት። ፀጉሩ ወዲያና ወዲህ ሲንጋለል፣ “አሁን ገና በሰለ” ብዬ ደስ አለኝ።

አንድ ጠዋት ደጅ አፋችንን ስንታጠብ እህቴ አየችው።

“ኧረ ምነው አንች! ይኼን ከየት ቆፍረሽ አወጣሽው?”

“ቀናሽ እንዴ እትየ? የኔ ለስልሷል። ያንችማ ገና ጥሬ ነው።”

ግድግዳ ይዛ ሳቀች፣ በዚያው ጥርሷ።

“ጥሬው እኮ ነው የሚያጠራ! ፀጉሩ ከተጋደመ ላይ ላዩን ይዳብሳል እንጂ ጥርሱና ድዱ ከሚገናኙበት ያለውን ቆሻሻ አያወጣውም። እሱ ሲሰነብት ነው ድድሽን የሚያሳብጥሽ። የጥርስ ሐኪም ነው የነገረኝ። እኔ ሲጎብጥብኝ እጥለዋለሁ።”

“ሙሉውን?”

“መቸም ግማሹን አልጥል!”

ይኼን እያወቀች ዝም ብላኝ ኖራለች! መናኸሪያ ሸኘኋትና በባጃጅ ፒያሳ ወርጄ አዲስ ብሩሽ ገዛሁ። የሷ ሰማያዊ ነው፤ ኮረጀችኝ እንዳትል ቀይ መረጥሁ። ጠዋት ማታ ድዴን ሳልጎዳ ረጋ ብዬ አጸዳሁበት። ሰንበትበት ሲል ደሙ ቆመ፣ እብጠቱ ጎደለ፣ የሚነቃነቀውም ጥርስ ጠበቅ አለልኝ።

በሚቀጥለው ማኅበር ነጠላዬን ትከሻዬ ላይ ትቼ አፌን ከፍቼ ሳቅሁ። አንዷ፣ “ምነው እናትዋ፣ ዛሬ ሳቅሽ ሸጋ ሆነ?” አለችኝ። መልስ ልሰጥ ስል እህቴ ቀደመችኝ፤

“እኔ ነኝ የመከርኋት!”

ሰው ሁሉ እሷን አመሰገነ። ምስጋናዬንም ወሰደችው!

በማግስቱ ጠዋት ብሩሿን አየሁት። ፀጉሩ በአንድ ጎኑ ጎንበስ ማለት ጀምሯል። አልነገርኋትም። እስኪ ትንሽ ይሰንብትላት።