ዘይት የማይደፋ ባል

ሰው ሳይሆን ባቡር ነው ያገባሁት እያልኩ ሰፈሩን ሳስቅ ኖሬአለሁ። ውሸቴን እንዳይመስላችሁ። ባሌ ዕድሜውን የጨረሰው በባቡር ጋራዥ ውስጥ የሎኮሞቲቭ ሞተር ሲጠግን ነው። ጡረታ ሲወጣ በተሰጠው ገንዘብ አሮጌ ሚኒባስ ገዛ፤ የባቡሩንም ሕግ ይዞ ቤት ገባ። «ዘይት ይጨመራል እንጂ አይደፋም!» ይላል። የባቡር ዘይት እየተመረመረ፣ የጎደለው እየተሞላ ነው የሚሠራው አሉ። አቦ፣ ይሄ እኮ ሚኒባስ ነው! መርማሪውስ የታለ? ብል ማን ሰምቶኝ!

ዓይኑ ሲደክም መሪውን እኔ ያዝኩት። በሃምሳ ዓመቴ መንጃ ፈቃድ አውጥቼ የፋብሪካ ሴት ልጆችን ከድሬው ሳቢያን ሰፈር እየለቀምኩ ኢንዱስትሪ ፓርክ ማድረስ፣ ከፈረቃ የወጡትን መመለስ ሥራዬ ሆነ። የምንበላው ከዚች መኪና ነው፤ ሌላ ምንም የለንም። ዘይቱ ግን የእሱ ሥልጣን ሆኖ ቀረ። በየሳምንቱ በዳበሳ ኮፈኑን ከፍቶ ይጨምራል። አንድ ጊዜ «ይቀየር» ብዬ ብነግረው ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ እኔም አራተኛውን ጨመርኩለት።

ዘንድሮ በግንቦት ሙቀት ሞተሩ ማቃሰት ጀመረ። የዘይቷ ቀይ መብራት ብልጭ ትልና ትጠፋለች። ልጆቹ ከኋላ «እማማ፣ ምንድነው የሚንኳኳው?» ሲሉኝ «ወሬያችሁ ነው!» እላቸዋለሁ። ሆዴ ግን ያውቃል። አንድ ቀን የጠዋቶቹን አድርሼ ስመለስ ለባሌ ሳልነግር ሳቢያን ያለ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድኩ። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ትንፋሽ የሚያወራ ጎልማሳ ነው። የዘይቱን ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረና አሳየኝ። ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚጎተት ነገር!

«እህቴ፣ ይሄ ዘይት አይደለም፤ አስፋልት ነው» አለኝ።

ሁለት መንገድ አለ አለ። አንደኛው ሞተሩን አውርዶ መፍታት ነው፤ ሦስት ሳምንት ይፈጃል። ሦስት ሳምንት ከቆምኩ ፋብሪካው ሌላ መኪና ይይዛል፣ አለቀልን። ሌላው የቆየ የጋራዥ ዘዴ ነው። ለማርሽ ሳጥን የሚሆነው ቀዩ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት አንድ ሊትር ሞተሩ ውስጥ ይጨመራል፤ መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ይሠራል፤ ከዚያ ሁሉም በትኩሱ ይደፋል።

«የካምቢዮ ዘይት ሞተር ውስጥ? አሾፍክብኝ እንዴ?»

«ያጥባል። እሾህን በእሾህ በይው።»

«እምቢ ካለስ?»

«የተላቀቀው ቆሻሻ የዘይቱን ፓምፕ ወንፊት ሊደፍን ይችላል። ሞተሩ ዘይት አጣ ማለት ነው። ያኔ ወላሂ እኔም አላድነው።»

ስለ እውነቱ ወደድኩት፤ ስለ አፉ ግን በጥፊ ባልኩት።

የእኔ ሐሳብ ባሌ ምሳ በልቶ ተኝቶ እስኪነቃ ድረስ ነገሩን መጨረስ ነበር። ለአሥራ አንድ ሰዓቱ ፈረቃ ደግሞ ልጆቹ መንገድ ላይ ይጠብቁኛል። መካኒኩ ግን ዓይኑን አፈጠጠ። «ከምሳ በኋላ? የበርጫ ሰዓት እኮ ነው አቦ!» ድሬ ውስጥ ጫት በሚቃምበት በዚያ ሰዓት ሰው ማሠራት ነውር ነው፤ አውቃለሁ። «እንግዲያውስ መኪናዬ ሥር ተኝተህ ቃም!» አልኩት። ሳቀና እሺ አለ።

በሰባት ሰዓት ወደ መካኒኩ ተመለስኩ። ከአሮጌው ዘይት ቀንሶ ቀዩን አስገባና «አስነሺው» አለኝ። አስነሳሁት። እኔ ሰዓቴን፣ እሱ ሞተሩን እያየን ቆምን። አምስት ደቂቃ ሄደ። ሰባት። ስምንተኛው ላይ ያቺ ቀይ መብራት በራች፤ በዚያው ቀረች።

«አጥፊው! አጥፊው!»

ቁልፉን መለስኩት። ወይኔ እመብርሃን፣ በገዛ እጄ ገደልኩት! ባሌን ምን ብዬ ልንገረው? ልጆቹን ማን ያደርሳቸዋል? መካኒኩ መኪናው ሥር ገባና ዘይቱን ለቀቀው። መጀመሪያ ቀጥኖ ወረደ፤ ቀጥሎ እየጓጎለ እንደ ገንፎ ዷ ዷ እያለ ሳፋውን ሞላው። ከሥር ያለውን የዘይት መያዣ ፈቶ ሲያወርድ ወንፊቱ ጭራሽ አይታይም፤ በጥቁር ጭቃ ተለስኗል። በናፍጣ አጠበው፤ ደግሞ አጠበው። ላቡ በአፍንጫው እየተንጠባጠበ ገጠመ፣ አዲስ የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ አሰረ፣ አዲስ ዘይት ሞላ።

«ቢስሚላህ። በይ ሞክሪው።»

በስመ አብ አልኩና ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ተነሳ። መብራቷ አልጠፋችም። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ቆጠርኩ። ጠፋች! ብዙ ጠበቅን፤ ተመልሳ አልበራችም። ማንኳኳቱም የለ። እልልታዬን ለቀቅኩት። ከየበርጫው አንገታቸውን ያወጡ ጎረቤቶች «ማን አገባ?» እስኪሉ ድረስ! መካኒኩ ግንባሩን ሲጠርግ ፊቱን በግራሶ ለቀለቀውና «እኔም ፈርቼ ነበር እኮ» አለ። እኔም እዚያው ጎማ ላይ ቁጭ አልኩ።

ወደ ቤት ስነዳ ጠቤን ሳዘጋጅ ነበር። ቢቆጣ እንዲህ እለዋለሁ፣ ቢያኮርፍ እንዲያ እለዋለሁ እያልኩ። ስደርስ ባሌ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጧል።

«ዘይቱን ደፋሽው» አለኝ።

«ማን ነገረህ?»

«ከመንገዱ መታጠፊያ ጀምሮ ሰማሁት። ሞተሩ ተንፍሷል።»

«አዎ ደፋሁት! ታዲያ ምን ልትሆን ነው?» ወገቤን ይዤ ቆምኩ።

«ተመስገን» አለ።

እጄን ከወገቤ አወረድኩ።

«ሲያቃስት እሰማው ነበር» አለ መሬት መሬቱን እያየ። «መሳሳቴንም ካወቅኩ ቆይቻለሁ። ግን ሲደፋ የሚወጣውን ፈራሁ። እንጀራችንን በእጄ እንዳበላሸሁት ባንቺ ፊት ሊታይ ነው ብዬ ፈራሁ።»

አርባ ዓመት ሊሞላን ነው ከተጋባን፤ ፈራሁ ሲል ሰምቼው አላውቅም። አጠገቡ ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። እሱም ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ።

«ብዙ ቆሻሻ ወጣ?»

ያ ሳፋ፣ ያ ገንፎ፣ ያ ወንፊት ዓይኔ ላይ መጣ። እንኳን ለባሌ ለቄስም አፌን የማልመልስ ሴት ነኝ።

«ኧረ ምንም አልወጣም» አልኩት። «ውኃ የመሰለ ዘይት።»

«ውሸታም» አለኝና እጄን ያዘው። ልጆቹን ለማንሳት እስክነሳ ድረስ አልለቀቀኝም።