የግራ እግሬ ጠያቂ

አያቴ ስለ ጃዝ አንድም ነገር አያውቁም ነበር። ሰላምታ ግን ያውቁበታል፤ ከደምበጫ ሲመጡ ቤተሰቡን አንድ በአንድ፣ ላሚቱ እንኳ ሳትቀር፣ ደኅንነት ሳይጠይቁ አይቀመጡም። ደብረ ማርቆስ ቤታችን ውስጥ የጃዝ ድራም ስለማመድም በሩ ላይ ቆመው እጆቼንና እግሮቼን በየተራ ሰላም ይሉ ነበር።

«ቀኝ እጅሽ እንዴት አደረች?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ አባባ።» ስመልስላቸው ምቱ ከጠፋኝ፣ ገና አልለመድኩትም ማለት ነው።

«ግራ እግርሽስ?»

የሲምባሉን፣ የጥንዱን የናስ ሳህን፣ መርገጫ የምትረግጠው እሷ ሁልጊዜ ትስት ነበር።

«አሟታል! በይ ለብቻዋ እንጠይቃት» ይሉና ወንበር ስበው ይቀመጣሉ። ሌሎቹን አሳርፌ እሷን ብቻ በዝግታ አስረግጣለሁ። ሲሻላት ቀኝ እጄን እጨምራለሁ፤ ቀጥሎ ግራዋን። «ጠያቂ መጣላት!» ብለው በሳቅ ይፈርሳሉ።

ተዝካራቸው በወጣ ማግስት ድራሙ ላይ ተቀመጥኩ። ወንበራቸው በሩ ጋ ባዶውን ነበር። ጀመርኩ፤ አራቱም እጅና እግሮቼ አብረው ሄዱ፣ ግራ እግሬም አንዴ እንኳ አልሳተች። የሚጠይቀኝ ሲጠፋ መምታቴን ሳላቆም ወደ ወንበሩ ዞሬ ጮክ ብዬ፣

«ሁላችንም ደኅና ነን፣ አባባ! እርስዎስ እንዴት አደሩ?» አልኩ።

ምቱ አልጠፋኝም።