የወንድ ጆሮ ያልሰማው ልቅሶ

ባላባቱ ፉልክ ወደ ዊዘርቢ የመጣው በሠላሳ ዓመቱ ነው። የያዘው ነገር ቢኖር ሰይፉንና የመጀመሪያ ሚስቱ ሞታ የተወችለትን ጨቅላ ልጁን ኢዶንያን ነበር። ለአባቱ አራተኛ ልጅ ስለሆነ ከርስቱ ስንዝር አልደረሰውም። ዊዘርቢ ከነቤቱ ከነወፍጮው የአቬሊና ነበር፤ እሷን አገባና ሰው ሆነ። በስምንት ዓመት ውስጥ አቬሊና ሦስት ጊዜ አረገዘች። ሦስቱም ሞተው ተወለዱ።

የአገሩን ሕግ የማያውቅ የለም። ሚስት ወራሽ ሳትተው ከሞተች ርስቷ ወደ ወንድሟ ይመለሳል። የወለደችው ልጅ ግን ለአንዲት አፍታ እንኳ ቢተነፍስና በአራቱ ግድግዳ መካከል ሲያለቅስ ቢሰማ፣ ባልየው እስኪሞት ድረስ ከርስቷ የሚነቅለው አይኖርም። ወንድ ምጥ ቤት አይገባም፤ የሴት ቃል ደግሞ ችሎት አይገባም። ስለዚህ በየባላባቱ ቤት፣ ሚስት ስታምጥ ሁለት ሦስት ወንድ በር ላይ ጆሮውን ጥሎ ይቆማል።

አራተኛው ምጥ ሁለት ቀን ፈጀ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት የአቬሊና ድምፅ ሲደክም ፉልክ ሰማና ልቡ ከዳው። ሕጉንም በር ላይ ሰው ማቆሙንም ረሳ። ወንዶቹን ሁሉ፣ የፈረሶቹን ባልደራስ ኦስበርትን ሳይቀር፣ ሰብስቦ በበረዶው ላይ በባዶ እግር ወደ ቤተ ክርስቲያን ወሰዳቸው። “እሷን ብቻ ተውልኝ፤ ሌላ አልለምንህም” እያለ ተንበርክኮ ዋለ።

ሲመለስ የአቬሊና ፊት ተሸፍኗል። ከጎኗ ትንሽ ጥቅል አለ።

“አልቅሶ ነበር፣ ጌታዬ” አለች አዋላጇ ሳቢና። “እንደ ድመት ግልገል፣ ቅጥን ያለች ድምፅ። ሁለቴ። አጠመቅሁትና ሄደ።”

“ማን ሰማ?”

“ሁላችንም። አምስት ሴቶች ነበርን።”

“ወንድ ነው የምልሽ፣ ሳቢና።”

ሳቢና አንገቷን ደፋች።

ከቀብሩ በኋላ የአቬሊና ወንድም ሬይኖልድ ዳኛ ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። ኦስበርት ጌታውን በረት ውስጥ አገኘው።

“ጌታዬ፣ እኔ እኮ ልቅሶውን ሰምቻለሁ።”

“አንተ አጠገቤ ተንበርክከህ ነበር።”

“ያን የሚያውቁት አብረውን የነበሩት ሎሌዎቻችን ናቸው፤ አፋቸው የተሰፋ ነው። ሌላው የሚያውቀው እግዜር ነው፤ እሱ ደግሞ ዳኛ ፊት አይቀርብም።”

ፉልክ ፊቱን ወደ ፈረሱ አዞረ። ኦስበርት ዝምታውን እንደ እሺታ ይዞት ሄደ።

ዳኛው በአዳራሹ ውስጥ ተቀመጠ። ሳቢና ልትናገር ስትነሣ ሬይኖልድ ሳቀ። “ሴት ከጠየቅክማ ግድግዳውም አለቀሰ ትልሃለች። የሰማ ወንድ አለ?”

“አለ” ብሎ ኦስበርት ወደ ፊት ወጣ። ወንጌሉ ተዘረጋለት። እጁን ሊጭንበት ሲል አማተበ። ፉልክ አየው። በሐሰት የማለ ሰው ነፍሱ የት እንደምትገባ ሁለቱም ያውቃሉ። ልጁን ኢዶንያንም አየ፤ ከምድጃው አጠገብ ተቀምጣ የእንጀራ እናቷን መጎናጸፊያ ለብሳለች። ሊታገስ ፈለገ፤ አልቻለም።

“ተው፣ ኦስበርት። ከእኔ ጋር ቤተ ክርስቲያን ነበር” አለ።

ዳኛው ወንጌሉን ዘጋው።

“እስከ እሑድ ውጣልኝ” አለ ሬይኖልድ።

“ልጅቷ ትቆይ። ትፈትላለች፣ ትሠራለች። እኔ አልመለስም።”

“ለእኔ ምኔ ናት? ከእህቴ ማህፀን አልወጣች።”

ፉልክ ወደ ግቢው ሲወጣ ኦስበርት ተከተለው። “ለነፍሴ አስብልኝ ብዬ ለምኜህ ነበር?” አለው፤ አንቱታውን ትቷል። “አምስት ልጅ አለኝ። ያ ሰውዬ ነገ የራሱን ባልደራስ ያመጣል። አንተ በንጹሕ እጅህ ሂድ፤ እኔስ ምን ይዤ ልሂድ?”

ፉልክ ወደ አዳራሹ በር ዞረ። ኢዶንያን ለመጥራት አፉን ከፈተ፤ ወዴት እንደሚወስዳት ግን አላወቀም፤ እዚያው በረዶው መካከል ቆሞ ቀረ።