የሙሽራው ሰፊ ጎማ

ጎማ ጠጋኝ ነኝ። ሰው ጎሚስታ ይለኛል። ከሚዛን ወደ አማን በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አንድ ኮምፕረሰር፣ አንድ ክሪክና አንዲት የቆርቆሮ ጥላ ይዤ ዕድሜዬን ቁጢጥ ብዬ ፈጀሁት። የዚህን ከተማ ሰው ከጉልበቱ በታች በደንብ አውቀዋለሁ። ከጉልበቱ በላይ ያለውን ብዙም አልወደድኩትም።

ማንበብ የተማርኩት አርባን ከተሻገርኩ በኋላ ነው። በቀበሌው አዳራሽ፣ ከጉሊት ሴቶች ጋር አንድ አግዳሚ ላይ ተጣብቤ፣ ከበኩር ልጄ የምታንስ አስተማሪ "ጎሽ አባባ" እያለችኝ። ከዚያ በፊት ጎማን የማውቀው በመልኩ ነበር። አንድ የመሥሪያ ቤት ሹፌር ሁለት ጎማ አምጥቶ "እኩል ናቸው?" ሲለኝ "እኩል ናቸው" አልኩት። ጎናቸው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሰው በተሰበሰበበት ጮክ ብሎ አነበበና ሳቀብኝ። እኩል አልነበሩም። ትምህርት የገባሁት በእውቀት ፍቅር አይደለም፤ ያንን ሰውዬ ለማናደድ ነው። በሕይወት ካለ ይናደድ፤ ይኸው እጽፋለሁ።

የምጽፈው ግን ስለ አንዲት መኪና ነው። ባጃጅ ወደ ከተማችን መግባት በጀመረበት ሰሞን፣ ቤተሰቡ ከጅማ በኩል የመጣ፣ ዕድሜው ሠላሳ የሞላው አንድ የቡና ነጋዴ ከአዲስ አበባ ነጭ ዲኤክስ የቤት መኪና ገዝቶ መጣ። ሞላዋን አስቆርጦ ዝቅ አስደርጓታል። እዚህ አገር ዝናብ ጀመረ እንጂ አቆመ አይባልም፤ መንገዱ ጭቃ ካልሆነ ኮረት ነው። ሰው ሁሉ መኪናው ከፍ እንዲልለት ይለምናል። እሱ ዝቅ አድርጎ መጣ።

"ምን ሆና ነው የተኛችው?" አልኩት።

"ፋሽን ነው ጋሼ።"

"ፋሽኑ ጭቃ ውስጥ ሲቀር ትራክተር ፈልግ። እኔ አልጎትትም።"

ሳቀ። ሲሰድቡት የሚስቅ ሰው ያበሽቀኛል፤ እሱን ግን መጥላት አቃተኝ። የዕቃ መጫኛውን ከፍቶ አራት የሚያብለጨልጩ ሰፋፊ ቸርኬዎች ከነጎማቸው አሳየኝ። ጎማው ሁለት መቶ አምስት ይላል። መኪናዋ ላይ ያለው መቶ ሰባ አምስት ነው። በሚሊ ሜትር ነው የሚለካው፤ እያንዳንዱ ጎማ ሦስት ሴንቲ ሊሰፋ ነው ማለት ነው።

"ወይ ዝቅ በል፣ ወይ ስፋ" አልኩት። "ሁለቱንም ከፈለግህ ቦታው ከየት ይመጣል?"

"ጋሼ፣ ላገባ ነው እኮ።"

ሙሽራዋ የቴፒ ልጅ ናት። ሠርጉ በቀጣዩ ሳምንት እሁድ ነው። ከአባቷ ቤት ወጥታ ሚዛን ድረስ የምትመጣው በዚህች መኪና፣ በዚህ ጎማ ላይ ነው። እሷም ሰምታለች፣ ጓደኞቿም ሰምተዋል።

ገጠምኩለት። ባዶዋን ስትቆም በእውነት ታምር ነበር። ሦስት ጓደኞቹን ጭኖ አማን ደርሶ ሊመለስ ሄደ። ሲመለስ ከእሱ ቀድሞ የተቃጠለ ጎማ ሽታ ደረሰኝ። የኋላ ወንበር ላይ ሰው ሲቀመጥ መኪናዋ ትጎነበሳለች። የፓራፋንጎው ከንፈር፣ ወደ ውስጥ የታጠፈው የላሜራው ጠርዝ፣ እንደ ቢላዋ ጎማው ትከሻ ላይ ይቀመጣል። ሁለቱም የኋላ ጎማዎች ተፍቀዋል። የጎማው የውስጥ ክር አልታየም እንጂ ሌላ አሥር ኪሎ ሜትር ቢሄዱ ይታይ ነበር።

ወሬው በማግስቱ ቴፒ ገባ። የሙሽራዋ አባት የድሮ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ ማጂ ድረስ ሲመላለሱ ያረጁ ሰው፣ አሁን ሐጂ ይሏቸዋል። መልእክት ላኩ፦ "ልጄ ጎማ እየላጠ የሚሄድ ነገር ላይ አትወጣም። በእኔ ፒካፕ ትመጣለች። ሙሽራውም ከፈለገ ከኋላ ይጫን።" ከዚያ ደግሞ አዘኑለት መሰለኝ፣ "ሐሙስ ሚዛን እመጣለሁ። ከሁለት ወንድሞቼ ጋር ከኋላ እቀመጣለሁ። አንዴ ከነካ አበቃ" ብለው ጨመሩ።

በአማት ፒካፕ ሙሽራ የመጣችለት ሰው በዚህ ከተማ ስሙ ይቀየራል። ልጅ ወልዶ ልጁ እንኳ ልጅ ቢወልድ "የፒካፑ ቤት" ይባላሉ። ሰውዬው ይህን ያውቃል። ሳቁ ጠፋ።

"ጋሼ፣ አውጣኝ።"

"ሞላህን ወደነበረበት ልመልስልህ?"

"እሱንማ ተወው።"

ከነጭንቀቱ ፋሽኑን አልለቀቀም። በዚህ አከበርኩት።

መጀመሪያ ከንፈሩን ማጠፍ ነበረብኝ። በመዶሻ የሚመታ ሞኝ ነው፤ ቀለሙ ይፈነዳል። ቤት ሄጄ ሚስቴ ቡና የምትወቅጥበትን ዘነዘና አነሳሁ።

"ነገ በምን ልወቅጥ? በክሪክህ?" አለችኝ።

"ለሠርግ ነው።"

"ደግሞ ማን ጠራን?"

በፈላ ውሃ ጨርቅ ነክሬ ቀለሙ ላይ እያኖርኩ አሞቅሁት። ዘነዘናውን በጎማውና በከንፈሩ መካከል ሰካሁት። ሙሽራው መኪናዋን አንድ ስንዝር ወደ ፊት፣ አንድ ስንዝር ወደ ኋላ ይገፋል፤ ዘነዘናው እየተንከባለለ ላሜራውን ወደ ላይ ያጥፈዋል። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ቀለሙ አንድ ቦታ ብቻ ፀጉር የምታህል ተሰነጠቀ።

ባዶ መኪና ተሞከረ አይባልም። ሰውዬው ነጋዴ ነውና ነገሩን በፈረሱላ አሰበው። አንድ ሰው አራት ፈረሱላ፣ ሦስት ሰው አሥራ ሁለት ፈረሱላ ብሎ፣ ቡና በጆንያ አምጥቶ የዕቃ መጫኛው ውስጥ ከመረው።

"አማትህን እዚያ ልትጭናቸው ነው?" አልኩት። "ሰው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። መታጠፊያ ላይ ያጋድላል፣ ጉድጓድ ላይ ይዘላል። ቡና ይህን አያደርግም። አውርደው።"

የጎማዎቹን ትከሻ ዙሪያውን ኖራ ቀባሁ፤ የሚነካ ነገር ካለ ኖራውን ይጠርገዋል። ከዚያ መንገዱ ዳር ቆሜ "አማን በነፃ" አልኩ። ከገበያ የሚመለሱ ሦስት ሴቶች ጎደሬያቸውን ይዘው ቆሙ። ሦስቱም ደልደል ያሉ ናቸው፤ መርጬ ነው።

"ነፃ ነገር ጤና የለውም" አለች አንደኛዋ። "ምን ልታደርጉን ነው?"

"ክብደታችሁን ብቻ ነው የምፈልገው።"

"ሰማችሁ? ባሌ ሃያ ዓመት ያልፈለገውን ይኸው ጎሚስታው ፈለገው።"

ገቡ። "ይሄ መኪና ነው አልጋ?" እያሉ፣ ጉድጓድ ላይ እየጮሁ፣ ሙሽራውን ስለ ሚስቱ እየጠየቁ አማን አደረሳቸው። ሲመለስ ጎንበስ ብዬ አየሁ። የኋላ ጎማዎች ላይ ኖራው ተጠርጓል። የጥፍር ስፋት ያህል ብቻ፣ ግን ተጠርጓል። ሙሽራው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ማክሰኞ ከሰዓት ነበር።

ከንፈሩን እንደገና ላጥፍ ብዬ የኋላዎቹን ጎማዎች ፈታሁና ፊታቸውን ወደ መሬት አድርጌ አጋደምኳቸው። ማንበብ ከተማርኩ ወዲህ የተጻፈ ነገር አያመልጠኝም። የሳሙና መጠቅለያ አነባለሁ፣ የመቃብር ድንጋይ አነባለሁ፣ ማንም የማያነበውን የቀበሌ ማስታወቂያ እስከ ማህተሙ አነባለሁ። የቸርኬው ጀርባ ላይ ሁለት የፈረንጅ ፊደልና ከጎናቸው ቁጥር ተቀርጿል፤ ሃያ አምስት ይላል። ሁለተኛውም ሃያ አምስት። የፊቶቹን ፈታሁ። ሠላሳ ስምንት። ሁለቱም።

"አራቱን ከአንድ ሰው ነው የገዛኸው?"

"ከአንድ ሰው። አንድ ዓይነት ናቸው እኮ፣ እያቸው።"

"ፊታቸው አንድ ዓይነት ነው። ጀርባቸውን ገልብጠህ አይተሃል?"

ከትምህርት ቤት ደብተሬ ውስጥ ማስመሪያ አመጣሁ። በቸርኬው ጀርባ ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋድሜ፣ ከብረቱ እስከ ብሎን ማሰሪያው ድረስ ለካሁ። ልዩነቱ አሥራ ሦስት ሚሊ ሜትር ነው፤ የትንሽ ጣት ውፍረት። ቁጥሩ ትልቅ የሆነው ቸርኬ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ትንሽ የሆነው ወደ ውጭ ይወጣል። እኔ ደግሞ ወደ ውጭ የሚወጡትን ወስጄ ሰው የሚጫንበት የኋላው ላይ ገጥሜያቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። የሻጩም ነው፤ የእኔ ግን ይበልጣል፣ ማንበብ እየቻልኩ መልካቸውን አይቼ ነው የገጠምኩት።

ቀየርኳቸው። ሠላሳ ስምንቶቹ ወደ ኋላ፣ ሃያ አምስቶቹ ወደ ፊት። አሁን ደግሞ የፊት ጎማዎች መሪው እስከ መጨረሻ ሲታጠፍ ከፓራፋንጎው ሥር ያለውን ፕላስቲክ ይልሱ ጀመር። ፕላስቲኩ ይቻላል። ጠርዙን በቢላዋ ቆርጬ፣ የቀረውን አሙቄ ወደ ኋላ ገፍቼ በሽቦ አሰርኩት። ረቡዕ እንደገና ኖራ ቀባሁና መንገድ ዳር ወጣሁ። ሴቶቹ ነፃ መኪና ለምደዋል።

"ዛሬም ክብደት ትፈልጋለህ?" አሉ። አራት ሆነው መጡ።

አማን አድርሷቸው ሲመለስ አየሁ፤ ኖራው አልተነካም።

ሐሙስ ሐጂ ከሁለት ወንድሞቻቸው ጋር መጡ። ሦስቱም በር የሚያህሉ ሰዎች ናቸው። መኪናዋን ዞሩና እኔን አዩኝ።

"አንተ ነህ ይህን ያደረግኸው?"

"መኪናዋን ያበላሻት እሱ ነው ሐጂ። እኔ ጎማውን ነው ያስተካከልኩት።"

ወንድማቸው ሳቀ፤ እሳቸው አልሳቁም። ከኋላ ገቡ፣ እኔ ከፊት ገባሁ፣ ሙሽራው ነዳ። ሐጂ መስኮቱን አውርደው ጆሯቸውን አወጡ። ቁልቁለቱ ግርጌ ያለውን ጉድጓድ ስንገባ ከኋላ በኩል "ቸርር" አለ።

"አቁም" አሉ። "ነካ።"

ሙሽራው አቆመ። ሞተሩንም አጠፋ። ወርጄ በራቸውን ከፈትኩ።

"ይውረዱና ይዩት።"

መውረዱ ቀላል አልሆነም። እንደዚያ ዝቅ ካለ መኪና ውስጥ እሳቸውን የሚያህል ሽማግሌ በራሱ አይወጣም። አንድ እጃቸውን እኔ፣ አንድ እጃቸውን ሙሽራው ይዘን ጎተትናቸው። ጎማው ፊት ተንበረከኩ። ኖራው ዙሪያውን ነጭ ነው። በአውራ ጣታቸው አሹት፤ ጣታቸው ነጣ።

"ድምፁስ?"

"ኮረት ነው። ጎማው ሰፊ ስለሆነ ያነሳና ላሜራው ላይ ይወረውራል። ማጂ መንገድ ላይ አልሰሙትም?"

ሐጂ ሙሽራውን ወደ መሪው መለሱት። ወንድሞቻቸው እዚያው እንደተቀመጡ መኪናዋን ሦስት ጊዜ ጉድጓዱ ውስጥ እንዲያስገባና እንዲያወጣ አዘዙት። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ ጆሯቸውን ፓራፋንጎው ላይ ለጥፈው፣ ጎን ለጎን ይሮጣሉ። መንገደኛው ቆሞ ያያል። በሦስተኛው ቀና አሉ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ጠበቅናቸው።

"ትምጣበት" አሉ። "ግን ከእኔ ኋላ ነህ። ፒካፔን ካለፍክ ልጄን እዚያው አወርዳታለሁ።"

"እሺ አባ" አለ ሙሽራው።

"እኔ ግን ሁለተኛ አልገባበትም" ብለው ወደ ሚዛን በእግራቸው ሄዱ። ወንድሞቻቸውን ከመኪናው ለማውጣት እንደገና ሁለት ሆነን ጎተትን።

እሁድ ከሰዓት ሠርገኛው በእኔ በር አለፈ። ከፊት ፒካፑ እያዘገመ፣ ከኋላው ነጯ ዲኤክስ፣ ከዚያ ክላክስ የሚያስጮህ ባጃጅና ሚኒባስ። ሙሽራው በመስኮት እጁን አውጥቶ በጣቱ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው አመለከተኝ። ሳቁ ተመልሷል። ከኋላ ወንበር ከሙሽራዋ ጋር ስንት አክስት እንደታጨቀ አላህ ያውቃል።

ማታ ሚስቴ "ሙሽራዋ ምን ለብሳ ነበር? ታምራለች?" ስትለኝ "አላየኋትም" አልኳት። ጎንበስ ብዬ የኋላውን ጎማ ነበር የማየው።