የካራፔት እናት

ባለፈው ቅዳሜ፣ ዘንድሮ ዲቁና የተቀበለው የልጅ ልጄ ቢቸና ካለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ለሙታን መታሰቢያ የሚጠሩትን የቤተ ዘመድ ስሞች ይጽፍ ነበር። «አያቴ፣ ጨረስን?» ሲለኝ፣ «አንዲት ቀርታለች» አልኩት። የቀረችው ዘመዴም አይደለች፤ አይቻትም አላውቅ።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሞጣ በዲቁና አገለግላለሁ፤ ከቅኔ ቤት ገና መውጣቴ ስለነበር ከእኔ በላይ ሥርዓት አዋቂ ያለ አይመስለኝም። ወሩ ጥቅምት ነው፤ ከከተማው ወጣ ሲሉ ማሳው በኑግ አበባ ቢጫ ሆኗል። አርመናዊው ልብስ ሰፊ ሙሴ ካራፔት ከመምህሬ ጋር ወደምኖርበት ቤት መጡ። የለበስኩትን ሱሪ የሰፉልኝም እሳቸው ነበሩ።

«ዲያቆን፣ የእናቴን ስም ጻፍልኝ። ሳልሞት ሲጠራ ልስማው።»

«የክርስትና ስማቸው ማን ነው?»

ባርኔጣቸውን አውልቀው ነገሩኝ። በተወለዱበት አገር፣ የአራት ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ወታደሮች አርመን ክርስቲያኖች ናችሁ ብለው የመንደሩን ወንዶች ገደሉ፤ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ወደ በረሃ ነዷቸው። እናታቸው መንገድ ላይ ወድቀው ቀሩ። እሳቸውን ፋጡማ የምትባል ሙስሊም ሴት ጎተራ ውስጥ ሸሽጋ አተረፈቻቸው።

«የእሷን ስም አውቃለሁ» አሉኝ። «እናቴን ግን እማማ እያልኩ ነበር የምጠራት፤ ሌላ አላውቅም።»

«ያለ ስም አይጠራም» አልኳቸው። በዚህ ንግግሬ ዛሬም አፍራለሁ። ባርኔጣቸውን ደፍተው ወጡ።

መምህሬ የኔታ ከጓዳ ሆነው ሰምተው ኖሮ ጠሩኝ።

«ቁርስህን የምትሰጥህን ጎረቤት ማን ብለህ ነው የምትጠራት?»

«የአበበ እናት።»

«ስሟንስ ታውቀዋለህ?»

አላውቀውም ነበር።

«እንግዲያው ሂድና ሰውየውን መልሳቸው።»

ሮጥኩ። ሱቃቸው ደጅ ከጨርቅ ነጋዴው ከሐጂ ሰይድ ጋር ተቀምጠው አገኘኋቸው። ይቅርታ ጠይቄ፣ እናታቸው በእሳቸው ስም እንደሚጠሩ ስነግራቸው ሙሴ ካራፔት አለቀሱ። ሐጂ ሰይድም ታሪኩን ያውቁ ኖሮ፣ «ለፋጡማ ደግሞ እኛ ዱዓ እናደርጋለን፤ ለመታሰቢያው ድግስ የእስላሙ ሙክት ከኔ ነው» አሉ።

በመታሰቢያው ቀን ተራው ሲደርስ «እሙ ለካራፔት» ብዬ በግዕዝ ጠራሁ፤ የካራፔት እናት ማለት ነው። ሙሴ ካራፔት ከሰው መሐል ቀና ሲሉ አየኋቸው። ከሰዓት በኋላ በግቢያቸው ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በየወገኑ የታረደለትን በላ፤ ለፋጡማም ዱዓ ተደረገ።

ሙሴ ካራፔት ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ፤ ልጅ አልነበራቸውም። እናታቸውን ለሞት የነዱ ሰዎች አስታዋሽ እንዳይተርፋት ነበር ምኞታቸው። እኔ ግን አንድም ዓመት ሳልጠራት ቀርቼ አላውቅም፤ ያሳሰበኝ ከእኔ በኋላ ነበር።

የልጅ ልጄ ታሪኩን ሰምቶ ሲያበቃ ስሟን ከአያቶቹ ስም ቀጥሎ ጻፈው። እሑድ ጠዋት ያነበበውም እሱ ነው። ከእንግዲህ እኔ ባልፍም ጠሪ አላት።